በፊንጫ ድንጋይ ውስጥ የቀረ የአበባ ዱቄት

በቆሎ በሚያብብበት ወቅት ባኮ አካባቢ ማሳ ሰንጥቆ ያለፈ ሰው ትከሻው ላይ ቢጫ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ነፋስ የበተነው የወንዴ አበባ ዱቄት ነው። አብዛኛው ሴቴዋን ሳያገኝ መሬት ላይ ይቀራል። ረግረግ ውስጥ የወደቀው ግን ጭቃ ይጫነዋል፤ ጭቃውም በዘመን ብዛት ድንጋይ ይሆናል። ዱቄቱን የሸፈነው ስፖሮፖለኒን የተባለ ቅርፊት አየር እስካላገኘው ድረስ አይበሰብስም፤ አሲድም አይፈታውም። አበባ የሌላቸው እንደ ፈርን ያሉ ዕፅዋት የሚበትኑት ስፖርም እንዲሁ ነው።

ከነቀምቴ ተነስቶ፣ ባኮን አልፎ፣ ጌዶ ላይ ወደ ሰሜን ለሚታጠፍ መንገደኛ ፊንጫ ማለት ስኳርና መብራት ነው። እኔ ግን ፊንጫ ሲነሳ የሚታየኝ ለመንገድ ሲባል የተቆረጠው ገደል ነው። እስከ 400 ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው አሸዋ ድንጋይ እዚያ ተደራርቦ ይታያል። ቁልቁል የወረደ በዘመን ወደ ኋላ ይሄዳል።

ስንት ዘመን? አሸዋ ድንጋይ ዕድሜውን በራሱ አይናገርም። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ቢሆን በውስጡ ያለው ፖታሲየም ተለክቶ ይታወቅ ነበር። አሸዋው ግን ከሌላ፣ ከእርሱ ከሚበልጥ ዓለት ተሸርሽሮ የመጣ ስለሆነ ቢለካ የሚገኘው የዚያ ዓለት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ወደ ዱቄቱ ይኬዳል። ድንጋዩ ይደቅቃል፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኖራውን፣ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አሸዋውን ያሟሟል። ሁለተኛው ብርጭቆም ስለሚበላ በፕላስቲክ ዕቃ ነው የሚያዘው። የሚተርፈው ጠብታ ጥቁር ዝቃጭ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን እያንዳንዱ ዕፅ የራሱ ቅርጽ አለው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከዚህ ገደል ከተወሰዱ 15 ናሙናዎች 160 ዓይነት ዱቄትና ስፖር ለይቶ በስድስት ተከታታይ ምድብ አስቀመጠ። ዕድሜያቸው የታወቀው በማነጻጸር ነው። ዱቄቱ በወደቀበት ዘመን የእኛ ምድር፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሕንድና አውስትራሊያ ጎንድዋና የተባለ የአንድ አህጉር ክፍሎች ነበሩ፤ እዚያ ተመሳሳይ ዱቄት የሚገኝባቸው ንብርብሮች ዘመናቸው በእንስሳት ቅሪት ተለይቷል።

የታችኛው ምድብ ወደ 299 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ዱቄቱን አንድ የአየር ከረጢት እንደ ቀበቶ ይከበዋል። ባለቤቶቹ ምናልባት ከፍታ ላይ የበቀሉ፣ ምላስ የመሰለ ቅጠል የነበራቸው የግሎሶፕተሪስ ወገኖች ናቸው። የጎንድዋናን ሰፊ ክፍል በረዶ የሸፈነበት ዘመን ነው፤ በትግራይ እዳጋ ዓርቢ በረዶው የተወው ድንጋይ ዛሬም አለ። ከዚያ በላይ ሁለት ከረጢት ያለውና ሰንበር ያለበት ዱቄት ይበዛል፤ በሦስተኛው ምድብ ደግሞ ይመናመናል።

ይህ ምድብ የሚያበቃው 252 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው፤ በምድር ታሪክ ከሁሉ የከፋው እልቂት የደረሰበት ጊዜ። የዱቄቱን መመናመንና እልቂቱን ማያያዝ እንዴት ያጓጓል! ጥናቱ ግን ሌላ ማስረጃ ባለመኖሩ ከማያያዝ ተቆጥቧል። በዚህ ጥንቃቄው ነው ያመንኩት። በአራተኛው ምድብ የበዙት ዘር የሚያፈሩ ፈርን መሰል ዕፅዋት ናቸው፤ ከጥፋቱ በኋላ መጀመሪያ ያገገሙት ሳይሆኑ አይቀሩም። በላይኞቹ ሁለት ምድቦች ከረጢታቸው የወፈረና የጠነከረ አዳዲስ ዱቄቶች ብቅ ይላሉ፤ ለባሕር ዳር ረግረጋማ ሜዳ የተመቹ ዕፅዋት ሊሆኑ ይችላሉ። ባሕሩም በጁራሲክ ዘመን መጣ፤ ዛሬ በዓባይ ሸለቆ የሚታየውን የኖራ ድንጋይ ያነጠፈው እርሱ ነው።