እንሰት፦ ቀን የማይቆረጥለት አዝመራ

በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ሰው ቆጮ የገበያ ዕቃ ነው። በቅጠል ተጠቅልሎ ከገጠር ይገባል፤ ከጎመን ጋር ለምሳ፣ ከክትፎ ጋር ለግብዣ ይቀርባል። የዲላን መንገድ ይዞ ቱላን፣ ለኩንና ይርጋለምን ለሚያልፍ መንገደኛ ግን ያው ምግብ ገና ከነሥሩ ቆሞ ይታየዋል። በየቤቱ ዙሪያ ቅጠሉን ከጣሪያ በላይ የዘረጋ፣ ከሩቅ ሙዝ የሚመስል ተክል አለ። እንሰት ነው። በሲዳምኛ ዌሴ ይባላል፤ ቆጮው ደግሞ ዋሳ።

የሰሜኑ አንባቢም ለተክሉ እንግዳ አይደለም። ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ኮባ የዚሁ ተክል ቅጠል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የተዘዋወረው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ እንሰት ጽፏል፤ ሥዕሉንም አክሎበታል። የዱር እንሰት በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ በብዙ አገሮች ይበቅላል። አላምዶ ከጓሮው የተከለውና ዋና ምግቡ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ ነው።

ሙዝ ቢመስልም ፍሬው አይበላም። የሚበላው ግንድ መሳዩ ክፍልና ከአፈር ሥር ያለው አምቾ ነው። ችግኙም ከዘር አይፈላም። ገበሬው ወጣት እንሰት ይቆርጥና የአምቾውን የእድገት እምብርት ያወጣል፤ ከዚያ ፍግ ጨምሮ መልሶ ይቀብረዋል። መሐሉ የጠፋበት አምቾ በዙሪያው በአስር የሚቆጠሩ ቡቃያዎችን ያወጣል። ቡቃያዎቹ ተለያይተው ይተከላሉ፤ እያደጉ ሲሄዱም እንደ አካባቢው ልማድ ወደ ሰፋ ቦታ ይዛወራሉ። በወይና ደጋው ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ይደርሳሉ፤ በደጋው ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ትልቁ ልዩነት ከዚህ በኋላ ይመጣል። ጤፍና በቆሎ በወቅታቸው ካልተሰበሰቡ ይባክናሉ፤ ዝናብ ሲዛነፍም የዓመቱ ልፋት አብሮ ይሄዳል። እንሰት ግን አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ቢሆንም እስኪያብብ ድረስ ባሉት ዓመታት የሚቆረጥበትን ቀን የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ በአንድ ጓሮ ዘንድሮ የተተከለ፣ ለከርሞ የሚዛወርና ለመቆረጥ የደረሰ እንሰት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ዘመኑ ከከፋ ያልደረሰውም ይቆረጣል፤ ምርቱ ያንሳል እንጂ ቤቱ አይራብም። አንድ የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት እንሰትን “ረሃብን የሚመክት ዛፍ” ያለው በዚህ ጠባዩ ነው።

ተከላው የወንዶች ሥራ ሲሆን ከቆረጣው በኋላ ያለው ሥራ ግን የሴቶች ነው፤ በብዙ ቦታ ወንድ ወደሚፋቅበት ስፍራ አይጠጋም። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በደቦ ይሰበሰባሉ። አንዷ ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ የግንዱን ሽፋን በእግሯ ደግፋ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ትፍቀዋለች፤ ሌላዋ አምቾውን ጥርስ ባለው መሣሪያ ታደቅቃለች። ከተፋቀው የሚወጣው ውኃ ሲረጋ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይዘቅጣል፤ ቡላ ይህ ነው። ለአራስ የሚታሰበው ገንፎም ከዚህ ንጹሕ ዱቄት የሚሠራው ነው። ቆጮ የሚሆነው የቀረው ሊጥ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ገብቶ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይብላላል፤ በደንብ ከተያዘም ለዓመታት ይቀመጣል። ሲፋቅ የሚተርፈው ቃጫ ለገመድና ለጆንያ ይሆናል፤ ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ለምንጣፍና ለመጠቅለያ ያገለግላል።

ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ ቢሆንም ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። የእንሰት አገር ሰው ቆጮን ከወተት፣ ከቅቤ፣ ከአይብ ወይም ከሥጋ ጋር የሚበላውም ስለዚህ ነው። ላሟ ለገበታው የጎደለውን ታሟላለች፤ ፍጓ ደግሞ በየጊዜው ወደ ጓሮው ይገባል። ማዳበሪያ ሳይገዛ ያንኑ መሬት ለትውልዶች ማረስ የተቻለው ይህ ዑደት ባለመቋረጡ ነው። ላም የሌለው ቤት እንሰቱ ይቀጭጫል።

እንሰት ለብቻውም አይቆምም። ከጥላው ሥር ቡና፣ ጎመን፣ ቦዬና ቅመማ ቅመም፤ ከበላዩ ዋንዛና ብሳና ይበቅላሉ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ተስፋዬ አበበ በሲዳማ 144 የቤተሰብ ማሳዎችን አጥንተው 78 ዓይነት ሰብሎችና 120 ዓይነት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች መዝግበዋል። ከሲዳማ በስተደቡብ የሚገኘው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ለውሳኔው መሠረት የሆነው እንዲህ ያለው የእንሰት፣ የቡናና የዛፍ ጥምረት ነው። እንሰቱ ራሱም ብዙ ዓይነት ነው፤ ሴቶች በየስሙ ለይተው ያውቁታል። ገንቲቾ፣ አዶና ሚዳሾ ከሲዳማ ዝርያዎች መካከል ናቸው፤ አንዱ ለቆጮ፣ ሌላው ለአምቾ፣ ሌላውም ለቃጫ ይመረጣል።

በዓሉም ከጓሮው አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ በተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ፣ በዋዜማው ቤተሰብ ተሰብስቦ ከዋሳ፣ ከቅቤና ከወተት የሚዘጋጀውን ቡርሳሜ በጋራ ይበላል። በማግስቱ ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ “አይዴ ጨምበላላ” ብለው ሰላምታ ሲሰጡ ጎረቤት ያንኑ ቡርሳሜ ያቀርብላቸዋል።

ይህ ሁሉ ግን ሥጋት አለበት። የመጀመሪያው አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። ሳይንቲስቶቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ እንሰት ላይ ለይተው ገለጹት። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ያው ባክቴሪያ በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ላይ ታየ። ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ይወጣዋል። መድኃኒት የለውም። በሽታውን ከቤት ቤት የሚያዞረው በተለይ የተበከለ ቢላ ስለሆነ፣ የግብርና ባለሙያዎች መሣሪያን በእሳት መለብለብንና የታመመውን ነቅሎ መቅበርን ይመክራሉ። ምክሩ የሚሠራው ግን ሁሉም ጎረቤት አብሮ ከፈጸመው ነው።

ሁለተኛው መሬት ነው። ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል ይጠባል፤ ግጦሹ ሲጠፋ ላሟ፣ ላሟ ስትጠፋ ፍጉ ይቀራል። በተለይ ለከተማና ለዋና መንገድ ቅርብ በሆኑ ቀበሌዎች ጫት ለእንሰትና ለቡና የነበረውን ቦታ እየያዘ መጥቷል። ለገበሬው ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ገንዘብ ያስገኛል፣ እንሰት ግን ዓመታት ይጠይቃል።

በሌላ በኩል ተክሉ የዓለምን ትኩረት እየሳበ ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲው ወንዳወቅ አበበ ከብሪታንያው የኪው የዕፅዋት ተቋም ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት እንሰት ዛሬ ከሚበቅልበት ውጭም ሊለማ እንደሚችልና በመጪዎቹ አሥርት ዓመታት ተጨማሪ 100 ሚሊዮን ሰዎችን ሊመግብ እንደሚችል ገምቷል። ይሁንና ተክሉ ቢስፋፋም የሚፍቀው እጅ ያስፈልጋል፤ ከእንሰት ሥራ ሁሉ አድካሚው ደግሞ መፋቁ ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የመፋቂያና የመጭመቂያ መሣሪያዎችን ሠርተዋል። በአብዛኛው የገጠር ቤት ግን አሁንም የሚፋቀው በቀርከሃ ነው። መሣሪያው ሲመጣ ከዋጋው ሌላ የሚነሳ ጉዳይም አለ። ዋሳ ገበያ ወጥቶ የሚያመጣው ገንዘብ በልማድ በሴቷ እጅ ያለ ነው፤ ማሽኑ በማን ስም ይገዛል የሚለው ነገር ይህንን ገቢ ሊያጸናላት ወይም ሊያሳጣት ይችላል።