«ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ያቆመው ሙሽራ

«ደህና ነኝ እኮ! ለምንድነው ዕድሜ ልኬን ክኒን የምውጠው?» አለኝ የማውቀው ልጅ። ስሙ ይቅር፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅዶልኛል። ሠርጉ ሁለት ወር ቀርቶታል። የደም ካንሰር እንዳለበት እጮኛው አታውቅም። ክኒኑን እንዳታይበት ብሎ ነው መዋጥ ያቆመው።

ወገኖቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጠይቄና አንብቤ የገባኝን ግን ላጫውታችሁ።

ደማችን የሚሠራው አጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኒ ነው። እዚያ «ስቴም ሴል» የሚባሉ እናት ሴሎች አሉ። እንደ እርሾ ቁጠሯቸው። እርሾ ትንሽ ነው፤ ግን ሊጡን ሁሉ ያቦካል፣ ለነገም ይተርፋል። ጤነኛዋ እናት ሴል አብዛኛውን ጊዜ ተኝታ ነው የምትኖረው። ሰውነት ሲፈልጋት ትነሳና ቀዩንም ነጩንም የደም ሴል በልኩ ታዘጋጃለች።

«ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ» በሚባለው የደም ካንሰር ግን የተበላሸው እርሾው ራሱ ነው። በአንዲት እናት ሴል ውስጥ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ይህ ጉድ እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ ፊላደልፊያ ላይ ስለታወቀ «ፊላደልፊያ ክሮሞሶም» ተባለ። ከዚህ ልውውጥ የሚመጣው ፕሮቲን «ተባዙ!» እያለ ያለ ዕረፍት ያዛል። ነጭ ሴል ልክ ያጣል። የታመሙት እናት ሴሎችም መቅኒውን ለቀው ጣፊያ ድረስ ይሄዳሉ። ጣፊያ ያብጣል፣ ግራ ጎን ይከብዳል፤ ድካም፣ ክሳትና የሌሊት ላብ ይከተላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን ያንን ፕሮቲን ጸጥ ያሰኘዋል። የደም ቆጠራው ይስተካከላል፣ ፊት ይፈካል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ክኒኑ ሊጡን ይደፋል እንጂ ቡሃቃው ሥር የተጣበቀውን እርሾ አይጨርሰውም። ከታመሙት እናት ሴሎች አንዳንዶቹ እንደ ጤነኞቹ ተኝተው ያሳልፉታል። ለዓመታት መድኃኒቱን ወስደው፣ በሽታው በምርመራ አልታይ ብሎ፣ በሐኪም ክትትል ካቆሙት ሰዎች እንኳ ግማሽ ያህሉ አገርሽቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት። በገዛ እጁ ያቆመውማ ምን ይባላል?

እና ወንድሜ፣ ነገ ሳትል ሐኪምህ ጋ ሂድ፣ ደምህን ተመርመር። ለእጮኛህም ንገራት። ይህ በሽታ በመሳም አይተላለፍም፣ ልጅም አይወርሰውም። የምትደብቃት ነውር የለህም። የሠርግህ ዕለት ክኒንህን ከነውሃው የምታቀብልህ እሷ ትሁን።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!