ወደብ ሲቆፈር የዓሣው መራቢያ እንዳይጠፋ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል ለማሳና ለጎተራ ብቻ ሳይሆን ለባሕር ዳርቻም ይሠራል። ለዚህም በጐረቤታችን በኬንያ፣ በላሙ ጠረፍ የደረሰው ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

ላሙ በሰሜናዊው የኬንያ የባሕር ጠረፍ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ይገኛል። በየካቲት ወር 2004 ዓ.ም. የኬንያ፣ የደቡብ ሱዳንና የኢትዮጵያ መሪዎች በሥፍራው ተገኝተው ሦስቱን አገሮች ያገናኛል የተባለውን የወደብና የመንገድ ሥራ አስጀመሩ። ዕቅዱ 32 የመርከብ መቆሚያዎች ያሉት ወደብ ለመሥራት ሲሆን፣ የመጀመሪያው መቆሚያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ወደቡ ለአገራችን ንግድም ታስቦ የተነደፈ በመሆኑ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል።

በላሙ ጠረፍ ማንግሮቭ የተባለው ዛፍ በስፋት ይበቅላል። ይህ ዛፍ ጨዋማ ውሃን ችሎ በጭቃ ላይ የሚቆም ሲሆን፣ በሥሮቹ መካከል የዓሣ ጫጩቶችና ሸርጣኖች ተጠልለው ያድጋሉ። ከዛፎቹ ወዲያ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ደግሞ የባሕር ሣር አለ።

ትላልቅ መርከቦች እንዲገቡ የባሕሩ ወለል ሲቆፈር ውሃው ይደፈርሳል። ድፍርሱ የፀሐይ ብርሃን ከልክሎ ሣሩን ያቀጭጨዋል፤ ጭቃው ሲረጋም ይቀብረዋል። ይህን ሣር የሚግጡት አረንጓዴው የባሕር ኤሊና ዱጎንግ የተባለው ግዙፍ አጥቢ እንስሳ ናቸው። ግጦሹ የታረሰበት ከብት ምን እንደሚደርስበት ለገበሬ መንገር አያስፈልግም።

ጉዳቱ የሰውንም ኑሮ ነካ። የላሙ ዓሣ አስጋሪዎች ከአባቶቻቸው የወረሱት የማስገሪያ ሥፍራ ስለተወሰደባቸው በኅብረት ሆነው ፍርድ ቤት ቀረቡ። በማሊንዲ የተቀመጠው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2010 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ነዋሪዎቹ መረጃ የማግኘትና በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብታቸው መጣሱን ገልጾ፣ ለ4,600 ያህል ዓሣ አስጋሪዎች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል አዘዘ። ሆኖም ክፍያው ለዓመታት ዘገየ። ካሣ ደግሞ ቢከፈልም ለሰው ይደርሳል እንጂ የተቀበረውን ሣር መልሶ አያበቅልም።

ወደብ ሲሠራ ጉዳቱን የሚቀንሱ ዘዴዎች አሉ። ከቁፋሮው ዙሪያ መጋረጃ በውሃው ውስጥ ዘርግቶ ድፍርሱ እንዳይስፋፋ ማድረግ ይቻላል። ኤሊዎች እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት በአሸዋማው ዳርቻ ሥራን ማቆም፣ የሌሊት መብራትንም መጋረድ ይገባል፤ የተፈለፈሉት ግልገሎች መብራቱን ተከትለው ወደ የብስ ስለሚሄዱ ያልቃሉና። ከባድ ምሰሶ ሲተከልም በቀላል ምት ቢጀመር እንስሳቱ አስቀድመው ይርቃሉ። ነገር ግን ዘዴው የሚጠቅመው መራቢያው የት እንደሆነ፣ ወቅቱም መቼ እንደሆነ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ይህን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው በሥፍራው የኖረው ሰው ነው።

አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ሐይቅና ወንዝ አላት። ለምሳሌ ከጣና ሐይቅ ዓሣዎች አንዳንዶቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ግድብ፣ የጀልባ መቆሚያ ወይም ድልድይ ሲሠራ መንገዳቸው ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች በቀበሌያቸው የግንባታ ሥራ ሲታሰብ የሚከተሉትን ቢያደርጉ ይበጃል። አንደኛ፣ ሽማግሌዎችንና ዓሣ አስጋሪዎችን ሰብስቦ የዓሣ መራቢያውን፣ የወፍ ማረፊያውንና ምንጩን ከነወቅቱ መመዝገብ። ሁለተኛ፣ የአካባቢ ጥናቱ ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ እንዲብራራ መጠየቅ። ሦስተኛ፣ የተሰጠውን ተስፋ ሁሉ በቃለ ጉባኤ አስፍሮ መያዝ። ይህ ሁሉ መሆን ያለበት ቆፋሪው መኪና ከመድረሱ በፊት ነው።