የስልካችን ባትሪ ዕድሜ እንዲረዝም

በብዙዎቻችን ቤት ስልክ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል። ባትሪው ከደከመ ግን አገር ቤት ካሉ አያቶቻችን ጋር የጀመርነው ወሬ መሐል ላይ ይቋረጣል።

ወላጆቻችን «ባትሪው ሙጥጥ ብሎ ሳያልቅ ቻርጅ አታድርጉ» ይሉናል። ምክሩ ከንቱ አይደለም፤ ለድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ይሠራ ነበር። የዛሬዎቹን የሊቲየም አዮን ባትሪዎች ግን በየጊዜው አሟጦ መጨረስ ዕድሜያቸውን ያሳጥራል። ሙቀትም ክፉ ጠላታቸው ነው፤ በተለይ መቶ በመቶ ሞልተው ሲሞቁ።

ስለዚህ በአብዛኛው ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መሐል እናቆያቸው። ትራስ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ አድርገን ቻርጅ አናድርግ። መብራት ይጠፋል ብለን አልፎ አልፎ እስከ መቶ ብንሞላው ብዙ አይጎዳም።

እንዲህ ከያዝነው ስልኩ ለታናናሾቻችንም ይተርፋል።