ስለ ዓሣ ገንዳ የውስጥ ማጣሪያ አያያዝና አጸዳድ

በቤቱ በመስተዋት ገንዳ ዓሣ የሚያኖር ሰው ዓሦቹ የሚሞቱበት ገንዳውን ቸል ባለበት ሳምንት ሳይሆን ደኅና አድርጎ ባጸዳበት ሳምንት ሲሆን ብዙ ጊዜ ይደነቃል። ጠጠሩን አሽቶ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ነጭ እስኪሆን ድረስ ካጠበ በኋላ ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቶ ይታያል፤ ነገር ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። የዚህ ጉዳት ምንጭ ማጣሪያው ምን እንደሚሠራ በትክክል አለመታወቁ ነው። ማጣሪያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ ሻይ ማጥለያ ዝቃጩን ከፈሳሹ የሚለይ ዕቃ ነው። ይህም በእርግጥ ሥራው ነው፤ ግን ትንሹ ሥራው ነው።

የውስጥ ማጣሪያ የሚባለው ሁለንተናው በውሃ ውስጥ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ከታች ስፖንጅ፣ ከላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለበት። ፓምፑ ውሃውን በሣጥኑ ቀዳዳዎች ስቦ በስፖንጁ ውስጥ ያሳልፍና በላይኛው አፍ መልሶ ይረጨዋል።

ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በአሞንያ መልክ በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ያስወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ እንዲሁ አሞንያ ይሆናል። በሐይቅና በወንዝ ይህ መርዝ በብዙ ውሃ ውስጥ ይሳሳል፤ 60 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ዓሦቹን የሚያድናቸው በስፖንጁ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው። አንዳንዶቹ አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትራይት ራሱ መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም አድርጎ ቡናማ ያደርገዋል። ናይትሬት ግን እምብዛም ስለማይጎዳ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን በመለወጥ ሊወገድ ይችላል።

እነዚህን ተሐዋስያን ለይቶ ያሳደጋቸው በኪየቭ የተወለደው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው፤ ሥራውን የሠራው በዙሪክ ከተማ ሲሆን ውጤቱንም በ1890 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በቀድሞ መጻሕፍት ናይትራይትን የሚለውጠው ናይትሮባክተር ነው ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ ነገር ግን በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በጨው አልባ ውሃ ገንዳዎች ይህን ሥራ የሚሠራው በተለይ ናይትሮስፒራ መሆኑ ታወቀ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከናይትሮስፒራ ወገን ሁለቱንም ደረጃ ብቻቸውን የሚፈጽሙ መኖራቸው ተገለጠ። ለገንዳው ባለቤት ከስማቸው ይልቅ ጠባያቸው ይጠቅመዋል፤ ይኸውም እድገታቸው እጅግ አዝጋሚ መሆኑ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በግማሽ ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሲሆኑ፣ እነዚህ ግን ለዚያው ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። በአዲስ ገንዳ በበቂ እስኪበዙም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ያስፈልጋል። እንጀራ ጋጋሪ ቡሃቃውን ስታጥብ እርሾውን አስቀድማ በሌላ ዕቃ ታስቀራለች እንጂ አብራ አትደፋም፤ የስፖንጁም ነገር እንዲሁ ነው።

ጉዳዩን በቁጥር እንመልከተው። ፕሮቲኑ ከመቶ 40 እጅ የሆነ አንድ ግራም ደረቅ የዓሣ ምግብ 64 ሚሊግራም ያህል ናይትሮጅን አለበት። ከፊሉ በዓሣው ሥጋ ይቀራል፤ ግማሹ ብቻ አሞንያ ቢሆን በ60 ሊትር ውስጥ በቀን 0.53 ሚሊግራም በሊትር ይጨመራል። ባክቴሪያዎቹ ታጥበው ከሄዱ በአራት ቀን ከ2 ሚሊግራም በላይ ይከማቻል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በተለይ መርዛማ የሆነው ነጻው አሞንያ ነው፤ መጠኑም በውሃው ፒኤች ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤች 7 ሲሆን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲሆን ግን ከመቶ 5 እጅ ይደርሳል፤ ይኸውም 0.1 ሚሊግራም ያህል ነው። ከ0.05 ሚሊግራም በላይ ሲሆን የዓሣ ስንጥብ መጎዳት ይጀምራል። ሁለት ጎረቤታሞች ማጣሪያቸውን በአንድ ዓይነት አጥበው የአንዱ ዓሦች ሲያልቁ የሌላው ደኅና የሚሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በዕድል የሚመካኝ አይደለም።

ስለዚህ ስፖንጁን የማጠቢያው ሥርዓት እንዲህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ስፒናውን ከሶኬቱ መንቀል ያስፈልጋል፤ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ እጅን ወደ ውሃው ማግባት የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው። ቀጥሎ ከገንዳው ውሃ በባልዲ ይቀዳል። ማጣሪያው ሲወጣ ዝቃጩ ወደ ገንዳው ተመልሶ እንዳይፈስ ከሥሩ ሳፋ መያዝ ይጠቅማል። ስፖንጁ በተቀዳው የገንዳ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ ይደረጋል፤ ውሃ እንደ ልቡ የሚያሳልፍ ከሆነ ቡናማ መልኩ ባይለቅም ይበቃል። ሳሙና ፈጽሞ አይነካውም። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ በክሎሪን የሚታከም ስለሆነ ለእኛ የሚጠቅመን ክሎሪን በስፖንጁ ላይ ያሉትንም ይገድላል። በገንዳው ላይ የሚጨመረውም አዲስ ውሃ ቢያንስ አንድ ቀን በክፍት ባልዲ ማደር ወይም የክሎሪን ማጥፊያ መድኃኒት ማግኘት አለበት። ስፖንጁና ጠጠሩ በአንድ ቀን አይታጠቡ፤ ስፖንጁ ሁለት ከሆነም አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይታጠብ። የማጠቢያውን ጊዜ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን የሚረጨው ውሃ ኃይል መቀነስ ነው።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ስፖንጁ በየወሩ በአዲስ ይለወጥ ብለው በማሸጊያው ላይ ይጽፋሉ። ይህ ምክር ከዓሣው ይልቅ ለሻጩ የሚያስብ ይመስለናል። ስፖንጅ የሚለወጠው ላልቶ ቅርጹን ሲያጣ ነው፤ ያን ጊዜም አሮጌውና አዲሱ በግማሽ በግማሽ ተቆርጠው ለጥቂት ሳምንታት አብረው ቢቀመጡ ተሐዋስያኑ ወደ አዲሱ ይሻገራሉ።

ፓምፑ ደግሞ እንደ ስፖንጁ መሳሳት አያስፈልገውም፤ የቻሉትን ያህል ሊያጸዱት ይገባል። የመዳቡ ሽቦ ጥቅል በሙጫ የታሸገ ስለሆነ ውሃ አይነካውም፤ የሚሽከረከረው ባለ ክንፍ ማግኔት ግን በጣት ተስቦ ይወጣል። በእርሱና በጉድጓዱ ላይ የሚጣበቀውን ዝልግልግ ነገር በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ መጥረግ፣ ነጭ የኖራ ቅርፊት ካለ በአቼቶ ዘፍዝፎ በደንብ ማለቅለቅ ነው። ቀጭኑ ዘንግ ከሸክላ የተሠራ ከሆነ ቶሎ ይሰበራል። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ውሃው ራሱ ስለሆነ ከውሃ ውጭ ማስነሣት ያበላሸዋል። ማጣሪያው ሲመለስ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ፤ በገመዱ የሚወርደው ውሃ ሶኬቱ ሳይደርስ ከዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል።

የማጣሪያው አፍ የውሃውን ፊት የሚያናውጥ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ በከተማችን ይህ ከሌላ ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ነው። በዚህ ምክንያት 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ዳር በሊትር 8.3 ሚሊግራም ኦክሲጅን ሲይዝ በዚህ የሚይዘው 6.2 ያህል ብቻ ነው። የ60 ሊትሩ ገንዳ ሀብት በጠቅላላው 370 ሚሊግራም ያህል መሆኑ ነው። ባክቴሪያዎቹ ለአንድ ሚሊግራም የአሞንያ ናይትሮጅን 4.6 ሚሊግራም ኦክሲጅን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ከላይ የጠቀስነው የአንድ ግራም ምግብ ብቻ 147 ሚሊግራም፣ ማለት ከመላው ሀብት ከመቶ 40 እጅ ይወስዳል። ዓሦቹ የሚተነፍሱት ገና አልተቆጠረም።

መብራት ሲጠፋ የሚያሰጋውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በታፈነው ሣጥን ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ቶሎ ያልቅና ዝቃጩ ያለ አየር መበስበስ ይጀምራል። መብራቱ ለጥቂት ሰዓት የሚቆይ መስሎ ከታየ ስፖንጁን ከሣጥኑ አውጥቶ በገንዳው ውስጥ ማንሳፈፍ፣ ምግብ መከልከልና ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል። ሣጥኑ ሳይከፈት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ እንደ ሆነ ግን ስፖንጁን በገንዳ ውሃ ሳያለቀልቁ ፓምፑን ማስነሣት አይገባም፤ የተጠራቀመው ክፉ ጋዝ በአንድ ጊዜ በዓሦቹ ላይ ይረጫልና።

ከታጠበ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ምግቡን መቀነስ ደግ ነው። በባልዲው ውስጥ የቀረው ቡናማ ውሃ ናይትሮጅን ስላለበት በጓሮ ላለው ጎመን ይፈሳል።