ወደብ ሳይሞላ ለምን ይጨናነቃል? የወረፋ ስሌትና የኢትዮጵያ የጭነት መተላለፊያ

ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ እስከ ባሕር ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው። ሆኖም በጋሞ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚዘራው ገበሬ የዓመት ሥራው ከባሕር ወደብ ጋር የተሳሰረ ነው። ማዳበሪያው ከውጭ አገር በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በመኪና ወይም በባቡር ወደ መሀል አገር ይገባል፤ በመጨረሻም እንደ ሻሸመኔና ሶዶ ባሉ ከተሞች አልፎ አርባ ምንጭ ይገባል። ዝናብ ግን መርከብ አይጠብቅም። ከዘር ወቅት በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ለዚያ ዓመት እንዳልመጣ ይቆጠራል።

ስለ ወደብ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ባለቤትነትና ስለ ዲፕሎማሲ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ እንመለከተዋለን። ወደብ ዕቃ የሚገባበትና የሚወጣበት የፍሰት ሥርዓት ነው፤ ስለዚህም እንደ ማንኛውም ፍሰት የሒሳብ ሕግ ይገዛዋል። ጥያቄዎቻችን ሁለት ናቸው፦ ወደብ ገና ሳይሞላ ለምን ይጨናነቃል? ሲስፋፋስ የትኛው ክፍሉ መቅደም አለበት?

የወረፋ ሕግ

የወረፋ ሳይንስ የተጀመረው ከስልክ ነው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኧርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ጥናት የስልክ ጥሪዎች ያለ ቀጠሮ የሚመጡ መሆናቸውን መነሻ አድርጎ ስሌቱን አበጀ። መርከቦችም እንዲሁ ናቸው። የባሕሩ ሁኔታ፣ የጭነት መዘግየትና የገበያው ጠባይ የሚደርሱበትን ቀን ያዛባሉ። የማራገፊያ ጊዜያቸውም አንድ ዓይነት አይደለም።

አንድ የመርከብ መቆሚያ ብቻ ያለው ወደብ እንውሰድ። አንድን መርከብ ለማራገፍ በአማካይ 2 ቀን ይፈጃል እንበል። የመርከቦቹ አመጣጥም ሆነ የማራገፊያው ጊዜ በዕድል የሚለዋወጥ ከሆነ፣ መቆሚያው ከጊዜው 50 በመቶ በሥራ ሲያዝ አንድ መርከብ ተራ ለመጠበቅ በአማካይ 2 ቀን ይቆማል። ሥራው ወደ 80 በመቶ ሲያድግ ጥበቃው 8 ቀን፣ በ90 በመቶ 18 ቀን፣ በ95 በመቶ ደግሞ 38 ቀን ይሆናል። ከ90 ወደ 95 የተጨመረችው አምስት በመቶ የጥበቃውን ጊዜ ከእጥፍ በላይ አሳደገችው።

ስለዚህ «መቆሚያው ገና ክፍት ጊዜ አለው፤ መስፋፋት ለምን ያስፈልጋል?» የሚለው አስተያየት አሳሳች ነው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ለወደብ ዐቃጆች ባዘጋጀው መመሪያ አንድ መቆሚያ ብቻ ያለው የጠቅላላ ጭነት ወደብ ከ40 በመቶ በላይ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ መቆሚያ ያላቸው ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ በሥራ እንዳይያዙ መክሯል። ክፍት የሆነው ጊዜ ብክነት ሳይሆን ያልታሰበው የሚስተናገድበት መጠባበቂያ ነው።

አማካይ ቁጥር የሚደብቀው

ለአገራችን የዚህ ትምህርት ምስክር በ2008 ዓ.ም. የታየው ነው። በኤል ኒኞ ምክንያት በተከሰተው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። በብዛት የተገዛው ስንዴ ጅቡቲ የደረሰው የማዳበሪያ መርከቦች በሚመጡበት ወቅት ነበርና መርከቦች በባሕር ላይ ተሰልፈው ተራ ለመጠበቅ ተገደዱ። የተራበው ሰው ስንዴና የሚዘራው ገበሬ ማዳበሪያ በአንድ መቆሚያ ላይ ተሻሙ። መርከብ ያለ ሥራ በቆመ ቁጥር ደግሞ ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ይቆጠራል።

ከዚህ የምንማረው የወደብ ዕቅድ በዓመታዊ አማካይ ጭነት ላይ ብቻ ሊመሠረት እንደማይገባ ነው። ድርቅ የስንዴውን ፍላጎት ሲያሳድግ የማዳበሪያውን አይቀንስም። ዐቃጁ መጠየቅ ያለበት «በዓመት ስንት ቶን?» ብቻ ሳይሆን «በክፉው ወር ስንት ቶን?» ብሎ ነው።

ጠባቡ ቦታ የት ነው?

ከከተማችን ስም ምሳሌ እንውሰድ። አርባ ምንጭ በርካታ ምንጮች አሏት፤ ይሁን እንጂ ወደ ቤታችን የሚደርሰውን ውኃ የሚወስነው የምንጮቹ ብዛት ሳይሆን በመንገዱ ላይ ያለው ጠባቡ ቧንቧ ነው። ጭነትም እንደዚሁ ነው።

50,000 ቶን ማዳበሪያ የጫነ መርከብ በቀን 5,000 ቶን ቢያራግፍ በ10 ቀን ይጨርሳል። አንድ ባለ ተሳቢ መኪና 40 ቶን ቢይዝ በቀን 125 መኪና ያስፈልጋል። የደርሶ መልስ ጉዞው፣ የመጫኛና የማራገፊያው ጊዜ ተጨምሮበት፣ 8 ቀን ቢፈጅ በመንገድ ላይ መኖር ያለበት የመኪና ብዛት 125 ሲባዛ በ8፣ ማለትም 1,000 ነው። ያሉት 750 ብቻ ከሆኑ በቀን የሚነሣው ጭነት ወደ 3,750 ቶን ይወርዳል፤ መርከቡም ከ13 ቀን በላይ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ተጨማሪ ክሬን መግዛት አንዳች አይፈይድም። በአንጻሩ የደርሶ መልሱን ጊዜ ወደ 6 ቀን ማሳጠር ከተቻለ እነዚያው 750 መኪኖች ይበቃሉ።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የንግድ አገልግሎት መጀመሩ ትልቅ ትርጉም ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠባቡን ቦታ የሚያሰፋ ነውና። ነገር ግን ባቡሩ ያመጣውን ፈጥኖ የሚረከብ ሜዳና ማሽን ከሌለ ጠባቡ ቦታ ከመንገዱ ወደ ጣቢያው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

ስፋት ወይስ ፍጥነት?

አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ እጅግ ቀላል ነው፦ በአንድ ሥፍራ በአማካይ ያለው ዕቃ ብዛት፣ በቀን የሚገባው ብዛት በሚቆይበት ቀን ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ከላይ የመኪኖቹን ብዛት ያገኘነውም በዚሁ ነው። በቀን 500 ኮንቴይነር የሚቀበል ደረቅ ወደብ፣ እያንዳንዱ 30 ቀን ቢቆይ ለ15,000 ኮንቴይነር ቦታ ያሻዋል። ቆይታው 10 ቀን ቢሆን 5,000 ይበቃል።

መልቲሞዳል የተባለው የማጓጓዣ ሥርዓት ሥራ ላይ በዋለባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነሮች የተከመሩት የሜዳው ጥበት ብቻ ስላስጨነቃቸው አይደለም። የባንክ ሰነድ መዘግየት፣ የጉምሩክ ሥርዓቱ ርዝመት፣ እንዲሁም ወደቡን እንደ መጋዘን መጠቀም የቆይታውን ቀን አስረዝመውታል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ለንግድ ሎጂስቲክስ ያጸደቀው የ150 ሚሊዮን ዶላር ብድር የሞጆን መስፋፋት ከአሠራር ማሻሻያ ጋር ያጣመረ ነበር። ቅደም ተከተሉ ሊዘነጋ አይገባም፤ የቆይታ ጊዜ ሳያጥር የሚሠራ ሜዳ ውሎ አድሮ በቆሙ ኮንቴይነሮች ይሞላል።

አንድ በር ወይስ ብዙ በር?

እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ድረስ የአገራችን የባሕር ንግድ በአብዛኛው በአሰብ በኩል ያልፍ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ጦርነቱ ሲነሣ በሩ ተዘጋና ጭነቱ በአጭር ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጅቡቲም በ2009 የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል፣ በ2017 ደግሞ የዶራሌን ሁለገብ ወደብ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ከፈተች። የበርበራ አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናልና የላሙ የመጀመሪያ መቆሚያም እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀምረዋል።

የወረፋ ሳይንስ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይነግረናል። ተመሳሳይ አቅም በአንድ ሥፍራ ሲሰበሰብ ወረፋው ያጥራል፤ አንዱ መቆሚያ ሲያዝ ሌላው ይቀበላልና። በሌላ በኩል አንድ በር ብቻ ያለው ቤት በሩ ሲዘጋ መውጫ የለውም። የ1998ቱ ልምድ የሁለተኛውን ክብደት አሳይቶናል። ለደቡቡ ክፍል ደግሞ የርቀት ጉዳይ ይጨመራል፤ ከሞያሌ ተነሥቶ በቡሌ ሆራና በዲላ የሚያልፈው መንገድ ከአባያ በስተ ምሥራቅ ቅርብ ነው። ሆኖም አማራጭ በር በር የሚሆነው መንገዱ፣ የጠረፍ ፍተሻውና የተመላሽ ጭነቱ አብረው ሲታቀዱ ነው። ወደ አገር የሚገባው ጭነት ከሚወጣው እጅግ ስለሚበልጥ ባዶውን የሚመለሰው መኪና ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ ያርፋል።

ማጠቃለያ

የወደብ መስፋፋት በኮንክሪትና በክሬን ብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም። በመጀመሪያ ጠባቡን ቦታ ለይቶ ማወቅ፣ ቀጥሎ የቆይታን ጊዜ ማሳጠር፣ ከዚያም ለክፉው ወር የሚሆን ክፍት አቅም ማስቀመጥ ይገባል። ይህንንም ለማድረግ የእያንዳንዱ መርከብ፣ መኪናና ኮንቴይነር የመግቢያና የመውጫ ሰዓት በጥንቃቄ ተመዝግቦ ለተመራማሪዎች ክፍት መሆን አለበት፤ ያልተለካን ፍሰት ማቀድ አይቻልምና። ስሌቱ ለሒሳብና ለፊዚክስ ተማሪዎቻችን የሚከብድ አይደለም። ውጤቱ ግን ማዳበሪያው ከዝናቡ በፊት ወይም በኋላ መድረሱን የሚወስን ነው።