በወረርሽኝ ጊዜ የሕክምና ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው?

የኮሮና ቫይረስ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ከተረጋገጠበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ በጤና ተቋማት በር ላይ ደጋግሞ የሚሰማ ቅሬታ አለ፤ ይኸውም «ቀድመን መጥተን ሳለ ከኋላችን የመጣው ለምን ቀድሞ ገባ?» የሚለው ነው። የቅሬታውን መልስ ማወቅ ታማሚውንም ባለሙያውንም ይጠቅማል።

በድንገተኛ ሕክምና ክፍል ቅድሚያ የሚሰጠው በወረፋ ሳይሆን በሕመሙ ክብደት ነው። ይህ ሥራ ልየታ ይባላል። ነርሷ የታማሚውን አተነፋፈስ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የሰውነት ሙቀት ትለካለች፤ በጣት ጫፍ ላይ በሚደረግ ትንሽ መሣሪያም በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ታያለች። መጠኑ ከ90 በመቶ በታች የወረደ የኮሮና ታማሚ ሕመሙ እንደ ጽኑ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ሰው አንዳንድ ጊዜ በእግሩ የቆመና የሚያወራ ሊሆን ስለሚችል፣ ለተመልካች ደኅና ይመስላል። ቀድሞ እንዲገባ የተደረገው ግን በአድልዎ ሳይሆን በልኬት ነው።

ኦክስጅን፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ወይም የመተንፈሻ አጋዥ መሣሪያ ለሁሉም በማይበቃበት ጊዜ ውሳኔው እጅግ ይከብዳል። በዚህን ጊዜ ሚዛኑ ሁለት ነው፦ የሕመሙ ክብደትና ሕክምናው ታማሚውን ለማዳን ያለው ዕድል። ሀብት፣ ሥልጣን፣ ዝምድና፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ፆታም ሆነ አካል ጉዳት መመዘኛ ሊሆን አይገባም። ሸክሙም በአንዲት ነርስ ኅሊና ላይ ብቻ መጣል ስለሌለበት፣ ሐኪሞችና ነርሶች በጋራ መክረው ሊወስኑና ምክንያቱን በመዝገብ ሊያሰፍሩ ይገባል። የታማሚው ሁኔታ በተለወጠ ቁጥርም ውሳኔው እንደገና ይታያል።

መሣሪያ ያልደረሰው ታማሚ የተተወ አይደለም። ሕመሙንና የትንፋሽ ጭንቀቱን የሚያስታግስ ሕክምና ሊደረግለት፣ ከቤተሰቡ ጋር ቢያንስ በስልክ ሊገናኝና በክብር ሊያዝ ይገባዋል። ቤተሰቡም የውሳኔውን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ የመጠየቅና የመረዳት መብት አለው።

ነርሷ ወደ ታማሚው ከመቅረቧ በፊት የመከላከያ አልባሳት ለመልበስ የምትወስደው ጊዜም ቸልተኝነት አይደለም። እርሷ በቫይረሱ ብትያዝ በሽታውን ወደ ሌሎች ታማሚዎች ልታዛምት ትችላለች፤ እርሷ የምትረዳቸው ሁሉም አገልግሎት ያጣሉ።

ከቤተሰብ የሚጠበቀውም ቀላል ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ እንደ ስኳር፣ ደም ግፊትና አስም ያሉ ነባር ሕመሞችንና የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ሳይደብቁ መናገር፣ የአስታማሚውን ቁጥር ተቋሙ በፈቀደው መወሰን፣ የታማሚው ትንፋሽ ከባሰበት ወይም ንቃቱ ከቀነሰ ሳይዘገዩ ለነርሷ ማሳወቅ ያስፈልጋል። በትውውቅ ለመቅደም መሞከር ግን የአንድን ሰው ተራ ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም መንጠቅ ሊሆን ይችላል።